ከመስኮት የምትመጣ መስመር

ጋሽ ዱካሌ ማረፋቸውን የሰማሁት ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ኮሌጁ በር ላይ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ ነው። የነገረኝ ዘበኛችን አያኖ ነው። "ሀያት፣ ጋሽ ዱካሌ ሞተች" አለኝ። አያኖ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት ብዙ አይለይም፤ ሌላ ቀን ቢሆን አሾፍበት ነበር። ጠዋት አብረን ነበርን። ሥራቸውን እንደ ወትሮው ሠርተው፣ "ደረቴን ያዝ አደረገኝ፣ ሐኪም ቤት ደረስ ብዬ ልምጣ" ብለውኝ በእግራቸው ነው የወጡት።

ሞቶ የማይመሰገን ሰው የለም። እኔ ደግሞ የሱቅ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከቡታጅራ መጥቶ ዲላ ገበያ ዳር ከከፈተው ሱቅ ውስጥ፣ ሚዛን አጠገብ ነው ያደግሁት። ለቅሶ ቤት ሙገሳ ሲበዛ ያሳክከኛል። ስለዚህ ከጉድለታቸው ልጀምር። ጋሽ ዱካሌ ግትር ነበሩ። ስብሰባ ላይ ዲኑ ተናግሮ ሳይጨርስ "አይሆንም" ይሉ ነበር። ሥራዬን አንድ ቀን "ጎበዝ" ብለውኝ አያውቁም፤ ካልነቀፉኝ አመሰገኑኝ ብዬ መተርጎም ለመድኩ። ስልክ ላይ ደግሞ ጭራሽ ሰው አይደሉም። "እ… ደህና? ደህና። በይ።" አለቀ።

ሥራቸው የኮሌጃችንን ድረ ገጽ መምራት ነበር። ኮሌጁ የግል ነው፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከኮንጋ በርቀት የሚማሩ ናቸው። ውጤታቸውንም ማስታወቂያውንም የሚያዩት በስልካቸው ስለሆነ፣ ድረ ገጹ ወደቀ ማለት ኮሌጁ ተዘጋ ማለት ነው። ጋሽ ዱካሌ እራሳቸው የኮንጋ ልጅ ናቸው። ለረጅም ዘመን ሒሳብ አስተምረው፣ በጉልምስናቸው ወደ ኮምፒውተር የዞሩ ሰው ናቸው፤ ኮምፒውተሩንም እንደ ክፍል ተማሪ በትዕግሥትና በቁጣ ያዙት።

በሳቸው ሥር በተቀጠርኩ ሰሞን የፈተና ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ደረሰ። ውጤቱ ተለቆ ብዙም ሳይቆይ ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ቆመ። ስልኩ መጮህ ጀመረ። አንዱ ከኮንጋ በሞተር ይርጋጨፌ ድረስ የወጣው ኔትወርክ ፍለጋ ነው። "እህቴ፣ ወድቄም ከሆነ ንገሪኝና ልመለስ፤ እዚህ ፀሐይ ላይ ነው የቆምኩት" አለኝ። እኔ ያኔ ከሀዋሳ ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁ ትኩስ ነኝ። አፌን ሞልቼ፣ "ጋሽ ዱካሌ፣ ይሄ ሰርቨር አርጅቷል። አዲስ ይገዛ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉ። "አቅም አላነሳትም፣ ሀያት። ሥራ አበዛንባት። ነይ እይ።"

እያንዳንዱ ገጽ ራስጌ አለው፣ ግርጌ አለው፣ ከራስጌው ሥር ደግሞ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለው። እነዚህ በየገጹ አይጻፉም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻ አንድ ፋይል ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሰርቨሩ ገጹን ለጠያቂው ከመስጠቱ በፊት ቁርጥራጮቹን አንስቶ ቦታ ቦታቸው ላይ ይሰካቸዋል። ነገሩ መልካም ነው። ችግሩ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የሰካካበት መንገድ ነበር። ገጹ ራስጌውን የሚያመጣው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ካለው ፎልደር አልነበረም። እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው የኮሌጁን አድራሻ በኢንተርኔት ጠርቶ ነበር የሚያመጣው። አንድ ተማሪ አንድ ገጽ ሲከፍት ሰርቨሩ ተማሪውን ያስተናግዳል፤ ቀጥሎ ለራስጌው ራሱን በእንግድነት ይቀበላል፤ ቀጥሎ ለግርጌው እንደገና።

"ጓዳሽ ውስጥ ያለ ጨው ብትፈልጊ" አሉኝ፣ "በዋናው በር ወጥተሽ፣ አጥሩን ዞረሽ፣ የራስሽን በር ታንኳኪያለሽ? 'ቤቶች!' ትያለሽ?"

"ኧረ አልልም።"

"እሷ ግን ይኸው ጠዋት ሙሉ 'ቤቶች! ቤቶች!' ስትል ዋለች።"

አድራሻውን አጥፍተን በምትኩ የፎልደሩን መንገድ ጻፍን። ሰርቨሩ ትንሽ ተነፈሰ እንጂ አልዳነም። የማስታወቂያ ሰሌዳው ገና ይቀረን ነበር። እሱ ያለቀ ፋይል ሳይሆን ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዝ ዝርዝር ነበር፤ ሰው ገጽ በከፈተ ቁጥር መረጃ ከሚከማችበት ዳታቤዝ ማስታወቂያዎቹን ሁሉ ይቆፍራል፣ ይደረድራል፣ ያስውባል። ማስታወቂያው ግን ሳምንቱን ሙሉ ያው ነው።

ጋሽ ዱካሌ በሁለት ጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ አንኳኩ። ይህ ሊያስተምሩ መሆናቸውን የማውቅበት ምልክት ነው። "እንግዳ በመጣ ቁጥር እንሰት የሚፋቅ ቤት አይተሻል? አንዴ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ከጉድጓድ ማውጣት ነው፣ ቆጮ መጋገር ነው። እኛ ግን ለእያንዳንዱ እንግዳ እንሰት እየቆረጥን ነው።"

ስክሪፕቱ ማስታወቂያ ሲቀየር ብቻ እንዲሠራ፣ ያወጣውንም ተራ ፋይል አድርጎ እንዲያስቀምጥ አደረግነው። ገጾቹ ያንን ያለቀለት ፋይል ብቻ ያነሳሉ። "የተማሪው ውጤትስ?" አልኳቸው። "እሱማ ለየሰዉ ይለያያል። የሚለያየውን ብቻ ትኩሱን ሥሪ። የጋራ የሆነውን አዘጋጅተሽ አስቀምጪ።" ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ለሁሉም ደረሰ። የኮንጋው ልጅ መልሶ ደወለ፤ "እህቴ፣ አልፌያለሁ! ተቃጥዬም ቢሆን አልፌያለሁ!" እያለ ይጮሃል። ስልኩን ለጋሽ ዱካሌ ሰጠኋቸው። "እ… ደህና። በል" ብለው ዘጉት። ደስታቸው ግን ጆሯቸው ላይ ይታይ ነበር፤ ሲደሰቱ ጆሯቸው ይቀላል።

ከዚያ ወዲያ ለአዲስ ሠራተኛም ለጎብኚም የሚናገሩት አንድ ኩራት ነበራቸው፤ "እኛ አንድ ቦታ እንጽፋለን፣ ሁሉ ቦታ ይታያል" ይሉ ነበር።

ኩራታቸውን የሰበረውም ይኸው ነገር ነው። ዮናስ የሚባል፣ ከደብረ ታቦር የመጣ ወጣት መምህር ነበረን። እናቱ አገር ቤት አረፉ። ዘመዶቹ ለዲኑ ቢሮ ደውለው ተናገሩ፤ እሱ ግን ገና አልሰማም። ባልደረቦቹ እንደ ወጉ ማታውን ተሰባስበው፣ ሽማግሌ ይዘው፣ ንጋት ላይ ቤቱ ሄደው ሊያረዱት ተመካከሩ። የሀዘን መግለጫው ጽሑፍ ግን ከዲኑ ቢሮ ቀድሞ ደረሰን። ጋሽ ዱካሌ ሠራተኛው ለለቅሶ እንዲዘጋጅ ብለው በቅንነት ማስታወቂያው ፋይል ውስጥ ከተቱት። ዮናስ ሰምቷል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኛ ግን ፈሶ የማይለቀም ነበር።

ዮናስ ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበር። ሞጁል የሚወርድበትን ቦታ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ የኮሌጁን ገጽ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከፍቷል፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ያስረዳል። ተማሪዎቹ ቀድመው አነበቡት። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። ዮናስ የሚያዩትን ሊያይ ዞረ።

ጩኸቱ እኛ ቢሮ ድረስ ተሰማ። ጋሽ ዱካሌ ምን እንደሆነ ገብቷቸው ፋይሉን ወዲያው አጠፉት፤ ከሁሉም ገጽ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ምን ዋጋ አለው። ለቅሶው ቤት ሄደው ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውንም አልነኩም። በመጨረሻ ዮናስ እራሱ ተነስቶ መጣና፣ "ጋሽ ዱካሌ፣ እናቴን እኮ እርስዎ አልገደሏትም" አላቸው። እሳቸውም፣ "ልጄ፣ መርዶ የሚያረዳው ሰው ነው። ይዞህ፣ ደግፎህ። እኔ ግን በፋይል አረዳሁህ" አሉት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ጋሽ ዱካሌ ግን ወግተው ያልረሱ ሰው ነበሩ። ለብዙ ጊዜ የጋራ ፋይሎቹን አልነካ አሉ፤ "አንቺ ጻፊ፣ እኔ እያየሁ" ይሉኝ ነበር። ያንን አባባላቸውን ጭራሽ ተዉት። በቦታው አንድ ጥያቄ ተተካ። የሀዘን ማስታወቂያ ይዤ ስቀመጥ ሁሌ ከኋላዬ መጥተው፣ "መስማት ያለበት ሰው ሰምቷል?" ይሉኛል። ሰምቷል ካላልኩ አይወጣም፤ ዲኑ ቢቆጣም አይወጣም። አንድ ልማድም አስያዙኝ፤ ፋይል ከማስቀመጥሽ በፊት ሁለቱን እጅሽን ከኪቦርዱ አንሺና ጉልበትሽ ላይ አኑሪ፤ የጻፍሽውን ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ፤ ከዚያ አስቀምጪ። መጀመሪያ ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ነገር መስሎኝ፣ "ጋሽ ዱካሌ፣ እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ" ብዬ ቀልጄባቸው ነበር። አልሳቁም።

ወደ ፋይሎቹ የመለሰቻቸው ልጃቸው ናት። ምህረት አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ነርስ ሆና አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ተቀጠረች፤ ብዙውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ናት። ስትደውል ጋሽ ዱካሌ ያው "ደህና? ደህና። በይ" ናቸው። "አባባ፣ ድምፅህን ልሰማ ደውዬ ምንም አትለኝም" ብላ እንዳለቀሰችባቸው አንድ ቀን ነገሩኝ። እንደዚያ ተክዘው አይቻቸው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ገብተው ከመስኮቱ ፊት ትንሽ ቆሙ። መስኮቱ ወደ ግቢው በር ያያል፤ በሩ አጠገብ አንዲት ትልቅ የብርብራ ዛፍ አለች። ከዚያ ተቀምጠው የግርጌውን ፋይል ከፈቱ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ለራሳቸው አነበነቡና አስቀመጡ። ሄጄ ገጹን ብከፍት ግርጌው ላይ አንዲት መስመር ተጨምራለች፦ "ዲላ ዛሬ ጭጋግ ነው። ብርብራዋ አትታይም።"

ከዚያ ወዲህ መስመሯ ሳትወጣ የቀረችበት የሥራ ቀን አላስታውስም። "ዲላ ዛሬ ብሩህ ነው። ብርብራዋ አበባ ይዛለች።" "ዲላ እየዘነበ ነው። አያኖ ጃንጥላ ረስቷል።" ምህረት ከሌሊት ተራዋ ስትወጣ፣ ታክሲ ውስጥ ሆና ትከፍታታለች። አባቷ ተነስቷል፣ ቢሮ ገብቷል፣ በመስኮት እያየ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቹ ግን ፕሮግራም የሚያወጣው የአየር ትንበያ ይመስላቸው ነበር። አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ቢሮ ድረስ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ይሄን የአየር ሁኔታ ከየትኛው ሲስተም ነው የምታመጡት?" አላቸው።

"ከመስኮት" አሉት።

ልጁ ስልኩ ላይ ሊመዘግብ ጀምሮ ቀና አለ። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ ቀትር ላይ ያረፉት እኒህ ሰው ናቸው። አያኖ ከነገረኝ በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ ወንድማቸውን አቶ ሽፈራውን አገኘኋቸው። የወናጎ ገበሬ ናቸው፤ ከሥራ በቀጥታ መጥተው ቦቲያቸው ላይ ጭቃው አልደረቀም። ያገኙትን ሰው ሁሉ እየያዙ ይለምኑ ነበር፦ "ምህረት አልሰማችም። እባካችሁ ስልክ አትደውሉ። ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። እኛ ዛሬውኑ እንወጣለን። ሌሊት ሥራ ላይ ናት፣ በሽተኛ ይዛ አንነግራትም። ጠዋት ከሥራ ስትወጣ ቤቷ ጠብቀን፣ ጎረቤቶቿን ሰብስበን እናረዳታለን።"

ቢሮ ስመለስ ዲኑ የሀዘን መግለጫ ይዞ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ስብሰባ ላይ "አይሆንም" እያሉት የኖሩትን ሰው ይወዳቸው ነበር። "ሀያት፣ ራስጌው ሥር አድርጊው፣ ሁሉም ገጽ ላይ ይውጣ" አለኝ።

"መስማት ያለበት ሰው ሰምቷል?" አልኩት።

ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ።

ዓርብ ማለዳ ስነቃ ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ። መስመሯ። ምህረት ከተራዋ ስትወጣ ገጹን ትከፍታለች። የትናንቱን መስመር ካየች ትደውላለች። አባቷ አያነሳም። ከዚያ ለሌላ ሰው ትደውላለች፣ ከዚያ ለሌላ፤ አንዱ አፉን ሳይቆጣጠር ያለቅስባታል። አጎቷ ሌሊቱን ተጉዘው ቤቷ በር ላይ ሲጠብቋት፣ እሷ ታክሲ ውስጥ ማንም በማያውቃት ሰው መሐል ትሰማዋለች። ዮናስ ግድግዳ ላይ እንዳነበበው።

ባጃጅ ይዤ ቢሮ እየሮጥኩ ገባሁ። ሰዓቱ እየሄደብኝ ነበር። የግርጌውን ፋይል ከፈትኩ። ደህና ነኝ ብዬ በሞተ ሰው ስም መጻፍ አልቻልኩም፤ አላህም አይወደው፣ እሳቸውም አይወዱት። ግን አንድ ነገር መውጣት አለበት። ቸኩዬ ጻፍኩ፦ "ዲላ ዛሬ ደመና ነው። ከሰዓት ፀሐይ ትወጣለች።" እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ጉልበቴ ላይ አኖርኩ። ድምፅ አውጥቼ አነበብኩት። መስማት ያለበት ሰው ሰምቷል? አልሰማም። እስኪሰማ ድረስ ነው እንግዲህ ብዬ አስቀመጥኩት።

አቶ ሽፈራው ረፋድ ላይ ደወሉ። "ነገርናት። ይዘናታል። እየመጣን ነው" አሉኝ። ያን ጊዜ የሀዘን መግለጫውን ማስታወቂያው ፋይል ውስጥ ጻፍኩ። ስማቸውን አንድ ቦታ ነው የጻፍኩት፤ የኮሌጁ ገጽ ሁሉ ላይ ወጣ። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

ቀብሩ ቅዳሜ ኮንጋ ሆነ። ዮናስ መጥቶ ድንኳኑ ጫፍ ላይ፣ ያኔ ጋሽ ዱካሌ የተቀመጡበት ዓይነት ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰው ሲሳሳ ምህረት ፈልጋኝ መጣች። ፊቷ አብጧል፤ ቁመናዋና ግንባሯ የአባቷ ነው።

"ሀያት አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ። አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ።"

አጠገቤ ተቀመጠች። "ዓርብ ጠዋት መስመሯን የጻፍሻት አንቺ ነሽ አይደል?"

ልክድ አሰብኩ። እነዚያን ዓይኖች እያየሁ አልሆነልኝም። "አዎ" አልኩ።

"አባባ የሚመጣውን ነገር ጽፎ አያውቅም" አለች። "'ፀሐይ ትወጣለች' ብሎ አያውቅም። ከመስኮት ያየውን ብቻ ነው የሚጽፈው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ስቸኩል መስኮቱ ጋ አልቆምኩም ነበር። "ታዲያ… እዚያው ታክሲ ውስጥ አወቅሽ?"

"አወቅሁ። ደጋግሜ አነበብኳት።" ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። "መጀመሪያ ልደውል ስልኬን ይዤ ነበር። ከዚያ፣ ይቺን የጻፈ ሰው ብቻዬን እንዳልሰማ የፈለገ ሰው ነው፣ ቤት የሚጠብቁኝ አሉ ማለት ነው አልኩ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስክደርስ ቻልኩት፣ ሀያት። በር ላይ አጎቴን ሳይ ነው የወደቅሁት። ያዙኝ።"

እጇን ያዝኩት። ልትነሳ ስትል፣ "አታቁሚያት" አለችኝ። "ግን ከመስኮት ይሁን።"

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም። መጀመሪያ ሄጄ እሳቸው የሚቆሙበት ቦታ ቆምኩ። ከበሩ ወዲያ ምንም አይታይም። ተቀምጬ ያየሁትን ጻፍኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አኖርኩ፣ አነበብኩ፣ አስቀመጥኩ፦ "ዲላ ዛሬ ጭጋግ ነው። ብርብራዋ አትታይም።"

የሌሊት ተረኞች የሚወጡበት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ከምህረት ነው። "አዲስ አበባም ጭጋግ ነው" ይላል።